ጋሽ እንድሪስ፣ እባክዎ አይመርቁን

ጋሽ እንድሪስ ሞቱ የተባለ ዕለት መርሳ ከተማ መጀመሪያ የጠየቀችው «በምን ሞቱ?» ብላ አይደለም። «ከመሞታቸው በፊት ማንን መረቁ?» ብላ ነው። ወሬው የደረሰኝ ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባሴን ተራ አስይዤ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ የመርሳው ተራ አስከባሪ ጌታቸው ነበር። «ሽመልስ፣ ጋሽ እንድሪስ አረፉ» አለኝ። ገና «ወይኔ ጋሼን» ብዬ ሳልጨርስ፣ «አይዞህ፣ ማንንም አልመረቁም፤ ዙህር ሰግደው ጋደም እንዳሉ ነው የቀሩት» ብሎ አጽናናኝ። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ተብሎ የሚጽናና ሕዝብ ካለ እኛ ብቻ ነን።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ምርቃት ቀልድ አይደለም። ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ሙስሊሙ «አሚን»፣ ክርስቲያኑ «አሜን» እያለ በአንድ ላይ ይቀበላል። ያለ ምርቃት ሙሽራ ከቤት አይወጣም፣ ያለ ምርቃት ዘር መሬት አይነካም፤ እኔ ራሴ ሳልመረቅ ጎማ ቀይሬ አላውቅም። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ለምርቃት የተፈጠሩ ሰው ነበሩ። ቁመታቸው ረዥም፣ ድምፃቸው ከሆድ የሚወጣ፣ እጃቸው ሲዘረጋ የመርሳን አስፋልት ከዳር እስከ ዳር የሚያጥር። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ማንጎ ይሸጡ ነበር። የገዛቸውን ይመርቃሉ፣ ያልገዛቸውን ይመርቃሉ፣ ዋጋ ጠይቆ ተሳድቦ የሄደውን ደግሞ እስኪርቅ ድረስ አስረዝመው ይመርቃሉ።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ምርቃታቸው የሚደርሰው ተገልብጦ ነው።

እንዴት እንደተጀመረ ጌታቸው አውቃለሁ ይላል። እንደ እሱ አባባል፣ አንድ ቀን ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ሞልቶ ሊወጣ ሲል፣ ጋሽ እንድሪስ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ዘርግተው «አላህ በሰላም ያግባችሁ፣ ጠጠር አይንካችሁ» ብለው መረቁ። ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። አሚኑ ሳያልቅ ጎማው ፈነዳ። ጎማው ሲቀየር ራዲያተሩ ፈላ። ራዲያተሩ ሲበርድ ሹፌሩን ሆዱን ቆረጠው። ጌታቸው እንደሚምለው፣ አውቶቡሱ በመጨረሻ ከመናኸሪያው ሲወጣ፣ ሲሳፈሩ ጢም ያልበቀለላቸው ልጆች ጢማቸውን እያበጠሩ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ይረሳ ነበር። ቀጥሎ የኳስ ቡድናችን ከጎረቤት ከተማ ከሐራ ልጆች ጋር ሊጋጠም ሲል ጋሽ እንድሪስን ጠርቶ ተመረቀ። ስለ ውጤቱ ባላወራ ደስ ይለኛል። በረኛችን በገዛ መረባችን እንዳገባ፣ ዳኛውም አዝኖልን ሰዓቱ ሳይደርስ ፊሽካውን እንደነፋ ብቻ ተናግሬ ልለፈው።

ከተማው ሙሉ በሙሉ ያመነው ግን በፓፓያዋ ነው። በጋሽ እንድሪስ ጓሮ ከቅጠል በቀር ምንም የማታውቅ አንዲት ፓፓያ ነበረች። ሰውየው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተናደዱ፤ የተናደዱትም በእሷ ነው። «አንቺ ከንቱ፣ ድረቂ!» አሏት። ብዙም ሳትቆይ አበበች። የመጀመሪያ ፍሬዋን ወልድያ ያደረስሁት እኔ ነኝና ምስክር ነኝ፤ ለብቻው ወንበር ይዞ ነው የሄደው። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው መስሏቸው እስከ ስሪንቃ ድረስ «ኧረ እባክህ ጠጋ በል» ሲሉት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መርሳ ከጋሽ እንድሪስ ምርቃት ትሸሽ፣ እርግማናቸውን ትለምን ጀመር።

እስቲ አስቡት። ከሰው አፍ ምርቃት የሌለበት ንግግር የት ይገኛል? «ደህና ዋሉ» ምርቃት ነው። «ደህና እደሩ» ምርቃት ነው። ስታስነጥስ «ይማርህ» ቢሉህ ምርቃት ነው። ሰፈሩ በሙሉ እሳቸው ባሉበት ማስነጠስ ተወ። አፍንጫውን ይዞ ወደ ጓሮ የሚሮጠውን ሰው ብዛት ያየ እንግዳ፣ መርሳ ላይ አዲስ በሽታ የገባ መስሎት መኪናውን ዞር አድርጎ ይመለስ ነበር። ማንጎ የሚገዛው ደግሞ «ተባረክ» እንዳይሉት ብሩን ወርውሮ ይሮጣል። አንዳንዱ ከሩጫው ብዛት ማንጎውን ይረሳዋል።

ኢማሙ በጁምዓ «ይህ ነገር የእምነት ጉድለት ነው፤ መልካሙም ክፉውም ከአላህ ነው» ብለው በደንብ አስተማሩ። ሁሉም «እውነት ነው» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ተቀበለ፤ ሲወጣ ግን ጋሽ እንድሪስ በተቀመጡበት በኩል ባለው በር የወጣ አልነበረም። የፊዚክስ መምህራችን ደግሞ «አጋጣሚ ነው፤ ሳይንስ አይቀበለውም» ይል ነበር። አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ «ልጄ፣ ዕውቀትህን ይጨምርልህ» ሲሉት ግን ሁለት ጆሮውን ይዞ ሲሸሽ ቦይ ውስጥ ገባ።

ለመረገም የሚመጣው ሰው ብዛት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ተማሪው ይመጣል፦

«ጋሼ፣ ማትሪክ ልወስድ ነው። ውደቅ ይበሉኝ።»

«ለምን ትወድቃለህ ልጄ? አላህ እኮ…»

«ኧረ በነቢ! እንዳይጨርሱት!»

ከጂዳ በኢሞ የሚደውሉም ነበሩ። «ጋሼ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ሊያድሱልኝ ነው፤ እስቲ ፊትዎን ኮስተር አድርገው ‹ትባረሪ› ይበሉኝ» ትላለች አንዷ። ጋሽ እንድሪስ ስልኩን ገልብጠው ይዘው፣ «የኔ ልጅ፣ ከስተሻል እኮ፤ እንግዲህ አላህ ከክፉ…» ሲሉ ስልኩ ጥርቅም! ማንም ሰው በሰላሳ ዓመት ትዳር ውስጥ የማይዘጋበትን ያህል ስልክ እሳቸው ላይ በአንድ ወር ይዘጋባቸው ነበር።

አንድ ነገራቸው አይረሳኝም። እንደ ልማዳቸው ሊመርቁ እጆቻቸውን ይዘረጉና፣ መሐል ላይ ትዝ ሲላቸው ቀስ ብለው መልሰው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይከቷቸዋል። እጅ ኪስ ውስጥ ገብቶ እንዲህ ሲያዝን የእሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

«ጋሼ፣ እውነት እርስዎም ያምኑበታል?» ብዬ ጠይቄአቸው አውቃለሁ።

«ሽመልስ፣ አላህ ሥራውን የሚሠራው የእኔን አፍ እያየ ነው እንዴ? ዝናቡንም እህሉንም ትቶ፣ እንድሪስ ዛሬ ምን አለ ብሎ ሲያዳምጥ ይውላል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግን ምናልባት አንድ ሰው ቢጎዳብኝስ? በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ።

ያኔ ነው ስለ ዘይነባ የነገሩኝ። ዘይነባ አንድ ልጃቸው ናት፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ይህ ወሬ ከተነሣ ጀምሮ ጋሽ እንድሪስ ልጃቸውን መርቀው አያውቁም፤ ትምህርት ቤት ስትሄድ እንኳ «ሂጂ» ብቻ ነው የሚሏት። «ለእሷ ያስቀመጥኋት አንዲት ምርቃት አለችኝ» አሉኝ። «የሠርጓ ቀን፣ ምንም ቢመጣ፣ እሷን ሳልሰጣት አልሸኛትም።»

ሠርጉም መጣ። ዘይነባን የጠየቃት ግራና ላይ ሽንኩርት የሚያመርት ሙስጠፋ የሚባል ልጅ ነው። እሷም ወዳዋለች፤ ስሙ ሲነሳ ማንጎ መመዘን ታቆማለች። ችግሩ የሙስጠፋ እናት፣ እትዬ ፋጡማ ናቸው። እትዬ ፋጡማ የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ መኪና ሙሉ ሽንኩርት በዓይናቸው ገምተው ይገዛሉ፤ የበሰበሰው ከየትኛው ጆንያ ሥር እንዳለ አሽትተው ይነግሩሃል። በእሳቸው አስተያየት ጋሽ እንድሪስ መልካም ሰው፣ ምርቃታቸው ግን የበሰበሰ ነው።

ሽማግሌዎች ላኩ። እኔም በሚኒባሴ ግራና ድረስ ሄጄ ያመጣኋቸው ስለሆንሁ፣ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ፋጡማ ልጅዎን ወዳለች» አሉ ዋናው ሽማግሌ። «በጥሎሽም አታስቸግርም። አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች።»

«ምን ትላለች?»

«በሠርጉ ቀን፣ በሕዝብ ፊት፣ ልጅዎን ይርገሙልን።»

«ልጄን?»

«አጥብቀው። ሙሽራውንም ደርበው ቢረግሙልን ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ተነሡ። «ልጄን አልረግምም። ያቺን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርሁት» አሉ።

«እንግዲያው ፋጡማ ልጇን አትሰጥም» አሉ ሽማግሌው፤ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። ሲወጡ አንደኛው ረስተው «በሉ ደህና ዋሉ» አሉ። ጋሽ እንድሪስ «ደህና…» ሲሉ ሦስቱም ሽማግሌዎች በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ሚኒባሴ ውስጥ ገቡ።

ዘይነባ እህል ቀነሰች፤ ጥግ ይዛ መዋል ጀመረች። ይህ ነው አባቷን የበላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋሽ እንድሪስ መጥተው ጋቢና ተቀመጡና፦

«ሽመልስ፣ ሹፌር ነህ፤ እርግማን ታውቃለህ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ስድብ…»

«እሱም ይሁን። አስተምረኝ።»

ከመርሳ እስከ ወልድያ አስተማርኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደካማ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ስሪንቃ አካባቢ አንድ አይሱዙ ዘው ብሎ ገባብን። «ይኸው ጋሼ! ‹ዓይንህ ይጥፋ› ይበሉት!»

«ዓይኑ…» አሉና ቆም አሉ። «ምናልባት አሞት ይሆን? እስቲ ዝግ በልለት።»

ባጃጅ መጣ። «‹መንገድ ይጥፋህ› ይበሉ!» «ወዴት ሊሄድ ነበር እሱ?» አስፋልት ላይ የተኛች ፍየል አገኘን። «በሉ ለፍየል ቀላል ነው!» በመስኮቱ ብቅ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ሂጂ… ሂጂ የኔ እናት» አሏት። ተሳፋሪው በሙሉ ከኋላ «አይ ጋሼ! ትንሽ ጠንከር! ከሆድዎ!» እያለ ያበረታታቸዋል። ከስንት መከራ በኋላ፣ ወልድያ መግቢያ ላይ፣ «ቤትሽ ይፍረስ» የምትል አንዲት እርግማን ወጣቻቸው። ተሳፋሪው በደስታ «አሚን!» አለ። እሳቸው ግን ደንግጠው በመስኮት ብቅ ብለው አዩ፤ የፈረሰ ቤት እንዳለ።

ጋሽ እንድሪስ «እረግማለሁ» ብለው ስለላኩባቸው እትዬ ፋጡማ እሺ አሉ። የሠርጉ ቀን ኒካሁ ጠዋት ታሰረ። ቀትር ላይ፣ ሙሽሪት ወደ ግራና ከመሄዷ በፊት፣ ሕዝቡ ዳሱ ውስጥ ሞላ። ሚኒባሴ በጨርቅና በአበባ ታስራ ደጅ ቆማለች። ዘይነባ ዓይነ ርግቧን እንደጣለች አባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ሙስጠፋ ከጎኗ። እትዬ ፋጡማ ከፊት ወንበር ላይ፣ የሽንኩርት መኪና ሲራገፍ እንደሚቆጣጠሩት ሆነው ተቀምጠዋል። ጋሽ እንድሪስ ሁለት እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ቆሙ።

«ዘይነባ ልጄ» አሉ። «ቤትሽ ይፍረስ።»

«አሚን!» አለ ዳሱ። እልልታው ቀለጠ።

ከአዲስ አበባ የመጣ የሙሽራው ዘመድ እጁ ላይ ያለውን ሥጋ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠና፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው? ምነው አታስወጡትም?» አለኝ።

«አባቷ ናቸው» አልሁት። ሥጋውን ትቶ እሱ ወጣ።

«ጎተራሽ ይራቆት።»

«አሚን!»

«ጎረቤት አይጠይቅሽ።»

«አሚን!» እትዬ ፋጡማ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ጎናቸው ያሉትን ሴት ጉልበት መቱ። «እንዴት ያለ አንጀት የሚያርስ እርግማን ነው በአላህ!»

«ማህፀንሽ…» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ቆሙ። ዳሱ በሙሉ ወደፊት ዘመመ። «ማህፀንሽ…»

አልወጣም።

«ይጨርሱ እንጂ!» አሉ እትዬ ፋጡማ። «የልጅ ልጄን እንዲህ አንጠልጥለው ሊተዉብኝ ነው?»

«አልችልም ፋጡማ» አሉ። «ቤት ቢፈርስ ይሠራል ብዬ ነው። ይሄን ግን ለሕዝብ ጆሮም ቢሆን ለልጄ አልልም።»

«እንግዲያው እኔም ልጄን ይዤ ግራና እገባለሁ!»

ሙስጠፋ ግን ከተንበረከከበት አልተነሣም። ዘይነባ ዓይነ ርግቧን በእጇ ገለጠች። «አባባ፣ ይተዉት። ያቺን ለኔ ያስቀመጧትን ይስጡኝ።»

«ብትጎጂስ ልጄ?»

«እጎዳለኋ። የአንቱ ልጅ ሆኜ ሳልመረቅ ልውጣ? ተመርቄ ልጎዳ።»

እጆቻቸው ከኪሳቸው ወጡ። ተዘረጉ። እነዚያን እጆች በሙሉ ርዝመታቸው ካየሁ ስንት ዘመኔ! ድምፃቸውም ያ የድሮው፣ ከሆድ የሚወጣው ሆነ።

«ዘይነባ ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልም። ከእጅሽ የበላ ይጥገብ። ቤትሽ በወንድም በሴትም ልጅ ይንጫጫ። ሙስጠፋ ካንቺ ሌላ አይይ፣ አንቺም ከሱ ሌላ አያምርሽ። ያሳየሽኝን ደስታ አላህ ባንቺ ልጆች ያሳይሽ።»

አሚን የሚል ጠፋ።

ምርቃት ተቀባይ ሲያጣ ምን እንደሚመስል ያኔ ነው ያየሁት። ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ አንጋጦ የዳሱን ምሰሶ ያያል፣ መቼ ይወድቅብናል ብሎ። ዝንቦቹ ራሳቸው ሥጋውን ትተው ምሰሶውን የሚጠባበቁ መሰለኝ።

«አሚን» አለች ዘይነባ ብቻዋን።

«አሚን» አለ ሙስጠፋ።

እትዬ ፋጡማ ብድግ አሉ። ልጃቸውን ጎትተው ሊወስዱት ነው ብለን መንገድ ለቀቅንላቸው። መጥተው ከልጃቸው ጎን ተንበረከኩ።

«እኔንም ይመርቁኝ» አሉ።

«አንቺን?»

«ልጄ ገደል ሲገባ ዳር ቆሜ ላይ ነው? አብሬው ልግባ! ይመርቁኝ!»

«ሽንኩርትሽ አይበስብስ» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ወይኔ ሽንኩርቱ!» አለ ዳሱ በሙሉ።

እትዬ ፋጡማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «አሚን» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጌታቸው ተነሥቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ። «ጎበዝ፣ ሁላችንም ብንመረቅ እኮ ጉዳቱ ይከፋፈላል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው።» ሕዝቡ ወደ ፊዚክስ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ጥቂት አሰበና፣ «በሳይንስም ያስኬዳል» አለ። ይሄኔ ሰልፍ ተያዘ። ጎረቤቱ፣ በረኛው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ማስነጠሱን አፍኖ የኖረው ሁሉ። ያን ዕለት መርሳ ያስነጠሰችውን ማስነጠስ ብትሰሙ ነጎድጓድ ይመስላችሁ ነበር። ጋሽ እንድሪስ እያለቀሱ ይመርቃሉ፣ እየሳቁ ይመርቃሉ፤ ሥጋው በረደ፣ ድምፃቸው ሰለለ፣ እጃቸው ግን አልታጠፈም። መርሳ ፍርሃቷን እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ባትተውም፣ ያን ዕለት ግን ሳይመረቅ የቀረ የለም።

ተራዬ ሲደርስ ዝቅ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እኔን እባክዎ ይርገሙኝ፤ ሙሽራ ነው የምጭነው» አልኋቸው።

ሁለት ጆሮዬን ይዘው፣ «መንገድህን ያቅናልህ፤ መኪናህ አትቁም» አሉኝ። «አሜን» አልሁ፤ ምን አባቴ ላድርግ።

ሙሽሮቹና እትዬ ፋጡማ ተሳፈሩ። ሰዉ በእልልታ ከበበን። ለሠርጉ ወግ እንዲሆን ብዬ ቁልፉን ጠመዘዝሁ። ዝም። ደግሜ ጠመዘዝሁ። ዝም። እልልታው ባለበት ደረቀ፤ ሕዝቡም ቀስ ብሎ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞረ። የእሳቸው ፊት አመድ መሰለ።

አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጮህሁ፦ «ምን ታፈጣላችሁ? ይቺ መኪና ከገዛኋት ጀምሮ በቁልፍ ተነሥታ አታውቅም! በግፊ ነው የምትነሣው! ሰው ጭኜ የምገፋው ለጤናዬ መስሏችሁ ነበር?»

መጀመሪያ የሳቀችው ዘይነባ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም መኪናዬን ከኋላ ያዘ። ጋሽ እንድሪስ ኮታቸውን አውልቀው ለጌታቸው ሰጡና መሐል ገብተው ገፉ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጥቁር ጭሱን ሁሉ ፊታቸው ላይ ለቀቀው። በመስታወት ሳያቸው ፊታቸው ከሰል መስሎ፣ ጥርሳቸው ብቻ ነጥቶ፣ ከኋላችን እየሮጡ አንድ ነገር ይጮሃሉ። በሞተሩ ድምፅ አይሰማም።

«ምን እያሉ ነው?» አሉ እትዬ ፋጡማ ተጨንቀው።

ዘይነባ በመስኮት ብቅ ብላ እያየቻቸው፣ «እኔም አልሰማሁም» አለች። «አሚን በሉ።»

አልን።